ከኋላ የተቀመጠችው እህት

ሰውየው ሲፈጥረው ተጠራጣሪ ነው። ይኼን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ በኋላ «ምነው እንዲህ አደረገ?» እንዳትሉኝ። «ዛሬ አምሮብሃል» ቢሉት «ትናንት ምን ሆኜ ነበር?» እያለ ሲብሰለሰል የሚውል ዓይነት ነው። ሚስቱ እንኳ ስታመሰግነው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ ያያል። በማስተማር ግን አትምጡበት። ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ሲያስተምር ጠጉሩ ሸብቷል፤ ያስተማራቸው ልጆች አድገው፣ ወልደው፣ የወለዷቸውን ደግሞ እሱው ክፍል አስገብተዋል። ተማሪዎቹ እሱ በሌለበት «እስቲ እንየው» ይሉታል። ቅጽል ስሙን ያውቀዋል፤ ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ዓይኑን እያጠበበ ስለሚያይ የወጣለት ይመስለዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

አንዲት ታናሽ እህት አለችው። አባትና እናታቸው በላይ በላዩ ሲያልፉ እሷ ገና ፊደል ያልለየች ሕፃን ነበረች። እሱና ሚስቱ ናቸው ያሳደጓት። ከራት በኋላ ገበታው ሲነሳ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ደብተሯን ዘርግቶ ሲያስጠናት አደገች። ዛሬ እሷም መምህርት ናት፤ ከተማው ማዶ ሌላ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች፤ ሥርዓተ ትምህርትና የማስተማር ዘዴ ይባላል። ልጅ ምን ይማር፣ እንዴትስ ይማር የሚለውን የሚመረምር ትምህርት ነው። ወንድሟ የሰማ ዕለት «ስታስተምሪ ኖረሽ አሁን ማስተማር ልትማሪ ነው?» ብሎ አሾፈባት። ያሹፍ እንጂ ደስታው ለጉድ ነበር፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ለሰማውም ላልሰማውም አውርቷል።

ነገሩ የተበላሸው ርዕሰ መምህርቷ አንድ ስብሰባ ላይ አንዲት ቃል ጣል ያደረገች ጊዜ ነው። «ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ» አለች፣ «ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የሚያስተምሩት ሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው ቢሆኑ ይመረጣል።» ይመረጣል ነው ያለችው፤ ሌላ አልጨመረችም። የቀረውን የጨመረው የስፖርት መምህሩ ነው። ይኼ ሰው ክፉ አይደለም፤ ግን ወሬ እግሩ ሥር ከገባ ሳይመታው አያልፍም።

«ይመረጣል ማለት በቢሮ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?» አለው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ። «አንተ መጻሕፍት ክፍል፣ ሌላ ሰው ያንተ ክፍል።»

መጻሕፍት ክፍል ማለት ተማሪ መጽሐፍ የሚዋስባት፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ያለች፣ መስኮቷ የማይከፈት ጠባብ ክፍል ናት። አምና የታሪክ መምህሩን እዚያ አስቀምጠውታል። ያ ወሬ የማያልቅበት የነበረ ሰው ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታው እንኳ «መቼ ነው የምትመልሰው?» ሆኗል። ወንድምየው ይኼ ታሰበው። ከክፍሉ ቢያወጡት ምን እንደሚቀረው ራሱን ይጠይቅ ጀመር።

በዚያው ሳምንት እሁድ እህቱ ለምሳ መጣች። በልተው ሲጨርሱ ሳህን እያነሳች፣ እንደዋዛ፦

«ጋሼ፣ ክፍልህ ገብቼ መቀመጥ ፈልጌ ነበር» አለችው።

«የቱ ክፍሌ?»

«የምታስተምርበት። ለመመረቂያ ጥናቴ ነው፤ ከትምህርት ቤቴም ፈቃድ አግኝቻለሁ። ከኋላ እቀመጣለሁ፣ አላስቸግርህም።»

«ስለ ምንድን ነው ጥናቱ?»

«ስለ ማስተማር።»

«ስለ ማስተማር፣ ምኑን?»

እህቱ ፈገግ ብላ ዓይኗን ሰበረች። «እሱን ልነግርህ አልችልም። አማካሪዬ አስጠንቅቆኛል፤ የሚጠናው ሰው ምኑ እንደሚጠና ካወቀ ጥናቱ ይበላሻል።»

«የምጠናው እኔ ነኝ?»

«ማለቴ… ክፍሉ።»

ይቺ «ማለቴ» ናት የገደለችው። ልጅቷ ሳህኑን ይዛ ወደ ኩሽና ስትገባ ሚስቱን በክርኑ ነካ አደረጋት። «ሰማሽ? ለምንድን ነው የደበቀችኝ? ሁለተኛ ዲግሪ የሚያስፈልገው ክፍል የኔ፣ ሁለተኛ ዲግሪ የምትይዘው እሷ፣ ልቀመጥ የምትለው እኔ ዘንድ።»

«እህትህ እኮ ናት፣ አንተ ሰው።»

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።»

«አንተ ስንጥሩን ስትፈልግ ገንፎው ይበርድብሃል» አለችና ተነስታ ሄደች። ሚስቱ እንዲህ ናት፤ የምትናገረው ትንሽ ነው፣ እሱም አይሰማትም።

እምቢ ማለት ፈራ። እምቢ ካለ ፈርቷል ይባላል። እሺ አላት። በማግስቱ ግን ከክፍሉ መስኮት ቁልቁል ሲያይ እህቱና ርዕሰ መምህርቷ ግቢው መሃል ቆመዋል። እህቱ እያወራች ነው፤ ርዕሰ መምህርቷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ወዲያው ሁለቱም ቀና ብለው ወደ እሱ መስኮት ተመለከቱ። ከመጋረጃው ጀርባ ተሸጎጠ። ያሳደግኳት ልጅ ያጎረሳትን እጄን ልትነክሰኝ ነው አለ በሆዱ። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ አንዴ ወርዶ «ምን ያስቃችኋል?» ቢል ምን ነበረበት? ግን ተጠራጣሪ ሰው የሚጠይቀው ራሱን ብቻ ነው፤ የሚመልስለትም ራሱ ነው።

የመጀመሪያው ቀን እህቱ ገብታ ከኋላ ተቀመጠች። እሱ ልቡ ቢመታም እንደ ወትሮው አስተማረ፤ ሌላ አያውቅማ። ትምህርቱ ስለ ሙቀት ነበር። «ሹራብ ስንለብስ ለምን ይሞቀናል?» ብሎ ጠየቀ። ከመስኮቱ ጥግ አንዲት ልጅ እጇን ሰቀለች። ይቺን ልጅ ጓደኞቿ «ጠበቃ» ይሏታል። በትክክል የመለሰችበት ቀን ጥቂት ነው፤ ለተሳሳተው መልሷ ግን ጥብቅና ትቆማለች፣ ይግባኝም ትላለች።

«ሹራብ በውስጡ ሙቀት አለው፤ ያንን ያወጣዋል» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «እስቲ እንየው» አለና የልጅቷን ቃል እንዳለ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ሰሌዳው ላይ ጻፈው። «ጠበቃ እንዳለችው ከሆነ በረዶ በሹራብ ብንጠቀልል ምን ይሆናል?»

«ቶሎ ይቀልጣላ!» አለች ጠበቃ።

«ሹራብሽን ወዲህ በይው።»

ከትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት ማቀዝቀዣ በረዶ መጣ። አንዱ በሹራቡ ተጠቀለለ፣ አንዱ እርቃኑን ሳህን ላይ ቀረ። ሌላ ሌላውን ሲማሩ ቆይተው ቢያዩ የሳህኑ ውሃ ሆኗል፤ የሹራቡ እንዳለ አለ።

«ሹራቤን ዛሬ ስላልለበስኩት ቀዝቅዞ ነው» አለች ጠበቃ፤ አትሸነፍም።

«ይሆናል። ነገ ለብሰሽው ነይና እሱንም እንየው።»

ነገም፣ እህቱ ከኋላ ተቀምጣ፣ አዩት። በረዶው አሁንም ሹራቡ ውስጥ ቆየ። ጠበቃ አገጯን ይዛ ብዙ አሰበችና «እንግዲያ ሹራብ ሙቀት የለውም፤ የኔኑ ሙቀት ነው አላስወጣ የሚለው። የበረዶውንም ቅዝቃዜ አላስወጣ ብሎታል» አለች። ሙሉ በሙሉ አልሆነላትም፤ ግን ራሷ ነች ያገኘችው፤ ፊቷ በራ።

ወንድምየው ይኼን ሁሉ አላየም። እሱ ያየው የእህቱን ብዕር ነው። አንድ ልጅ በትክክል ሲመልስ ብዕሯ ይቆማል። ጠበቃ አፏን ስትከፍት ግን ይሮጣል፤ ወረቀቱን እየቀያየረች፣ ጠጉሯ ዓይኗ ላይ ወድቆ ሳታነሳው፣ ትጽፋለች። ሰውየው ደረስኩበት ብሎ አመነ። እህቱ ስህተት እየለቀመች ነው። የክፍሉን ስህተት ሰብስባ «እነሆ የዚህ ሰውዬ ተማሪዎች» ልትል ነው።

ለስፖርት መምህሩ ነገረው። «አልነገርኩህም?» አለ ያኛው፣ ያልነገረውን ጭምር። «ልጅ ሲሳሳት የሚመዘገበው በልጁ አይደለም፤ በአንተ ነው። ዘመኑ የሚፈልገው አሳታፊ ዘዴ ነው፣ ቡድን፣ ባለቀለም ካርድ። የኛዋ አዲሷ የቋንቋ መምህርት ከሥልጠና ያመጣችው አለ፤ ተዋሳት።»

ተዋሳት። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው የሚመጣው።

ጠረጴዛዎቹን ከረድፍ አውጥቶ ክብ ክብ አደረጋቸው። ቀይ ካርድ፣ አረንጓዴ ካርድ፣ በየቡድኑ ሰብሳቢ፣ በየቡድኑ ተናጋሪ። እህቱ በምትመጣበት ዋዜማ የነገውን ትምህርት ከተማሪዎቹ ጋር አስቀድሞ ይለማመደዋል፦ ይኼን ስጠይቅ አንተ ትነሳለህ፣ ይኼን ስጠይቅ አንቺ። መልሱን ራሱ ይሰጣቸዋል፤ እነሱ ይሸመድዱታል። ክፍሉን ለሁለት ከፈለው፦ የሚመልሱና የሚያዳምጡ። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ጨዋታ መሰላቸው፤ ኋላ ለመዱት። ልጅ ምን የማይለምደው አለ?

ጠበቃን ለብቻዋ ጠራት። «አንቺ ነገ ታዳምጫለሽ፣ እሺ?»

«ለምን ቲቸር?»

«ማዳመጥም ትምህርት ነው።»

«ግን የምናገረው ነገር ካለኝስ?»

«ያዝ አድርጊው።»

ልጅቷ እሺ ብላ ሄደች። ሰውየው ልክ እንዳልሆነ ተሰምቶታል፤ አልዋሽም። ግን የመጻሕፍት ክፍሏ መስኮት ትዝ አለውና አለፈው።

እህቱ ከዚያ በኋላ ስትመጣ ክፍሉ እንደ ሰዓት ሄደ። ጥያቄ ይጣላል፣ ካርድ ይነሳል፣ ልጅ ይነሳል፣ ልክ የሆነ መልስ ይወርዳል፣ ይጨበጨባል። አንድም ስህተት የለም። ብዕሯ ዝም አለ። እሱ ሰሌዳው ጋ ቆሞ ያንን ብዕር ብቻ ያያል፤ ዝም ባለ ቁጥር ደረቱ ይነፋል። በመጨረሻ እህቱ ብዕሯን ጭራሽ አስቀምጣ አገጯን በእጇ ደገፈች። አሸነፍኳት ብሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ ያፏጭ ነበር።

ከክፍል ሲወጡ ግን ጠይቃው ነበር። «ጋሼ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታስተምረው?»

ወጥመድ ነው አለ በልቡ። «ሁልጊዜ።»

«ከድሮም?»

«ከድሮም።»

ወረቀቶቿን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ያቺ የሹራቧ ልጅ ደህና ናት? ዛሬ አልተናገረችም።»

ይኸው፣ ደካማዋን ምስክር እየፈለገች ነው። «ጉንፋን ይዟት ነው» አላት ዓይኑን ሳያሽ። አያችሁ? የተጠራጠረ ሰው መዋሸት ሲጀምር ሐፍረት እንኳ አይዘውም፤ መከላከል ይመስለዋል።

እንደገና መጣች፤ ያው ነው። ሌላም ቀን መጣች፤ ያው። እህቱ በመጣች ቁጥር ፊቷ እየከሰመ ሄደ። እሁድ ምሳ ላይ መናገር ተወች። ሚስቱ «ልጅቷ ቀለም የላትም፣ አንድ ነገር ሆናለች» ብትለው «ያሰበችው ስላልተሳካላት ነው» አላት። ሚስቱ አየችው፤ አየችውና ቂጣ የሚቆርስ እጇን አቁማ «ምን አስባ ነው ያልተሳካላት?» አለችው። እሱ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጎረሰ።

ከዚያ እህቱ ወደ እሱ መጥታ በሥጋት ነገረችው። አማካሪዋ ራሱ ክፍሉን ሊያይ ነው። በጥናቱ መቀጠል አለመቀጠሏ የሚወሰነው በዚያ ነው፤ ከተጣለ እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለች፣ ከጓደኞቿም አንድ ዓመት ወደ ኋላ ትቀራለች።

«ጋሼ፣ እባክህ» አለችው፣ «የዚያን ቀን ዝም ብለህ አስተምር። ምንም አትዘጋጅ።»

ሳልዘጋጅ ልታስይዘኝ ነው አለ። እና እንደዚያን ጊዜ ተዘጋጅቶ አያውቅም። የሚያስተምረው ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውጪው ለምን እንደሚረጥብ ነው። ዋዜማውን ልጆቹን ሁለት ጊዜ አስጠናቸው። መላሾቹን መረጠ፣ ተጠባባቂ መላሽ ሳይቀር መደበ። ጠበቃን ከአንድ ወፍራም ልጅ ጀርባ አስቀመጣት።

አማካሪው ለስላሳ ሰው ነው፤ በር ላይ «ይቅርታ፣ አስቸገርኳችሁ» ብሎ ገባና ከእህቱ ጎን ተቀመጠ። ትምህርቱ ተጀመረ። ካርድ ተነሳ፣ መልስ ወረደ፣ ተጨበጨበ። «በአየር ውስጥ ያለው የማይታይ የውሃ እንፋሎት ቀዝቃዛውን ብርጭቆ ሲነካ ወደ ውሃነት ይለወጣል» አለ አንዱ ልጅ ሳይተነፍስ። ሁለተኛዋ ደገመችው። እህቱ ጉልበቷ ላይ ያሉትን እጆቿን ታያለች። ሰውየው ላብ ቢያጠምቀውም ደስ ብሎታል፤ ሊያልቅ ነው።

ሊያልቅ ሲል አማካሪው እጁን አወጣ፣ እንደ ተማሪ። «መምህር፣ ከፈቀዱልኝ አንድ ልጅ ልጠይቅ?»

እምቢ አይባል። «ይቻላል» አለ።

አማካሪው ዓይኑን አዞረና ከወፍራሙ ልጅ ጀርባ ብቅ ጥልቅ የምትል ጭንቅላት አየ። «አንቺ፣ አዎ አንቺ። አንቺስ ውሃው ከየት የመጣ ይመስልሻል?»

ጠበቃ ተነሳች። ወደ አማካሪው ሳይሆን ወደ መምህሯ ተመለከተች፤ ሕጉን አክባሪ ልጅ ናት። «እኔ ዛሬ ከሚመልሱት ውስጥ አይደለሁም» አለች በትህትና።

«ከማን ውስጥ ነሽ ታዲያ?»

«ከሚያዳምጡት።»

አንድ ልጅ አረንጓዴ ካርዱን ቀስ ብሎ ጠረጴዛ ሥር ደበቀ። አማካሪው «አመሰግናለሁ፣ ተቀመጪ» አለና ሌላ ምንም አልጠየቀም። ሲወጣ የመምህሩን እጅ ጨብጦ «ደህና ተዘጋጅተዋል» አለው። ሰው በጨዋነት ሲገድል እንዲህ ነው።

ልጆቹ ሲበተኑ ሰውየው በመስኮት ቁልቁል አየ። አማካሪውና እህቱ ግቢው ውስጥ ቆመዋል። አማካሪው ሲያወራ እህቱ ራሷን ትነቀንቃለች። ብዙም ሳይቆይ እሱ ወጥቶ ሄደ፤ እሷ ደረጃውን ስትወጣ ሰማት። አለቀልኝ፣ ቀድሜ ልናገር አለ።

ገና ስትገባ «እንግዲህ ደስ ይበልሽ» አላት። «መጻሕፍት ክፍሉን ጠርገው ይጠብቁኛል። መቼ ነው ክፍሉን የምትረከቢኝ?»

«የምን መጻሕፍት ክፍል? ጋሼ፣ ምን እያልክ ነው?»

ሁሉንም አፈሰሰው፦ ይመረጣል የሚለውን፣ ሁለተኛ ዲግሪውን፣ የግቢውን ሳቅ፣ ስህተት ሲመጣ የሚሮጠውን ብዕር። እያወራ ሄዶ መሃል ላይ የራሱ ድምፅ ለራሱ ጆሮ ያስቅ ጀመር፤ ግን አላቆመም። እህቱ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ቦርሳዋን የተማሪ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«ክፍልህን ልነጥቅህ?» አለች ቀስ ብላ። «እኔ?»

«ለምን ደበቅሽኝ ታዲያ?»

«የጥናቴን ርዕስ ልንገርህ። አሁን ብታውቀው ለውጥ የለውም። አንድ ጥሩ መምህር የተማሪን ስህተት ምን እንደሚያደርገው ነው።»

«ምን አደርገዋለሁ?»

«አታውቅም?» ከልቧ ገረማት። «ልጁ እንዳለው፣ ቃሉን ሳትነካ ሰሌዳ ላይ ትጽፈዋለህ። ከዚያ እስቲ እንየው ትላለህ። ስህተቱ ራሱ ደክሞት እስኪቀመጥ ድረስ አብረኸው ትሄዳለህ። ልጁ አያፍርም። በየሳምንቱ መጽሐፍ ስናነብ ይኼን የት ነው የማውቀው እል ነበር። እቤት፣ ከራት በኋላ ነዋ የማውቀው። እኔ እኮ ጨረቃ የምትከተለው እኔን ብቻ ነው ብዬ የተከራከርኩህ ልጅ ነኝ። እስቲ እንየው ብለህ ይዘኸኝ ወጣህ፤ አንተ ወደ ላይ፣ እኔ ወደ ታች ሄድን። ስንገናኝ ሁለታችንንም ተከትላን ነበር። ርዕሰ መምህርቷን ያሳቅኳት በእሱ ነው፤ የወንድምሽን ክፍል ለምን መረጥሽ ስትለኝ።»

ሰውየው ተቀመጠ። ዕድሜ ልኩን ሲያደርገው የኖረው ነገር ስም እንዳለው የሰማው ገና አሁን ነው፤ የሰማውም ካጠፋው በኋላ ነው። አፈረ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም፤ ያፈረው ደግሞ እንደ ገዛ ልጁ በሚያያት እህቱ ፊት ነው።

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርህ ለኔ ብለህ ታደርገዋለህ። ለኔ ያደረግከው ደግሞ ማስረጃ አይሆንም።»

«ባትነግሪኝስ ምን አደረግኩ?»

«እሱስ እውነትህን ነው» አለች እህቱ። «እኔም እህትህ ሆኜ አንተን አለማወቄ ነው።»

«ነገ ነይ። ሰውየውንም ይዘሽው ነይ። እንደ ድሮዬ አስተምራለሁ፣ ምንም ሳልዘጋጅ…»

«አሁንማ አወቅህ፣ ጋሼ።» በቁጣ አላለችውም፤ ለሱ አዝና ነው። «ርዕሱ ተጥሏል። አማካሪዬ የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ አጥኚ ብሎኛል። መጽሐፍ ሲያዩት አይለወጥም አለ።»

«ከጓደኞችሽ ትቀሪያለሽ ማለት ነው።»

«እቀራለሁ። እሱ ይለፍልኝ፤ ትምህርት ነው፣ ይደርሳል።» ቦርሳዋን አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። «ያቺን ልጅ ግን ምን ብለህ ዝም አሰኘሃት? እኔን ያኔ ዝም ብታሰኘኝ ኖሮ ዛሬ ምን እሆን ነበር?»

መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ከልጆቹ ቀድሞ ገባ። ጠረጴዛዎቹን አንድ በአንድ እየጎተተ ወደ ረድፋቸው መለሰ። ካርዶቹን ሰብስቦ ለአዲሷ መምህርት ሰጣት። ልጆቹ ሲገቡ ማን የት እንደሚቀመጥ ግራ ገብቷቸው ቆሙ፤ «እንደ ድሯችሁ» አላቸው። ያው ብርጭቆ፣ ያው ቀዝቃዛ ውሃ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ውጪው መርጠብ ጀምሯል።

«የትናንቱን እርሱት» አለ። «እኔ የነገርኳችሁን ሁሉ እርሱት። ይኼ ውሃ ከየት መጣ? የመሰላችሁን።»

እጅ የሰቀለ የለም። ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ተራው የማን እንደሆነ መፈለጋቸው ነው። ጠበቃን በእውነተኛ ስሟ ጠራት። በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«አንቺ ንገሪኝ። ምን ይመስልሻል?»

ልጅቷ ተነሳች። ኮሌታዋን አስተካከለች። ብርጭቆውን አንድ ጊዜ አየችው፤ የምትናገረው ነገር ያላት መስሎት ልቡ ተንጠለጠለ።

«ቲቸር» አለችው፣ «መልሱን ገና አልሰጡኝም እኮ።»

ማንም አልሳቀም። ልጅቷ እጇን አጣምራ፣ መልሱን እስኪሰጣት ቆማ ጠበቀችው።